ባንቺዓለም ያሸተተችው ቅጠል

ስለ አክስቴ ስለ ባንቺዓለም ለመጻፍ ስነሣ ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የእኔ ነው። በእኛ ቤት ቁጣ እንደ ርስት ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ስለሆነ፣ ረጋ ያለ አንደበት የሚፈልግ አንባቢ ሌላ ቤት ቢሄድ ይሻለዋል።

አክስቴ ብቸና ውስጥ ቅቤ ነጋዴ ናት። ገበያ ገብቶ ባንቺዓለም የት ናት ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ድምፅዋን ተከትሎ የሄደ ይደርስባታል። ባላገሩ ቅሉን ከትከሻው አውርዶ ፊቷ ያስቀምጣል። እሷ አንዲት ስንደዶ ታነሣና ቅቤው መሐል እስከ ታች ትሰካታለች፤ አውጥታ በአፍንጫዋ ሥር ታሳልፋለች፤ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። በዚያች ቅጽበት ምንም ያላጠፋ ሰው እንኳ ላብ ላብ ይለዋል። ሙዝ የተለወሰበት፣ ድንች የገባበት፣ የረጋ ዘይት የተደባለቀበት ቅቤ አምልጧት አያውቅም። አንድ ጊዜ ከላይ ለጋ ቅቤ ቀብቶ ከሥሩ ሌላ ነገር የጠቀጠቀ ሰውዬ መጣባት። ቅሉን ገልብጣ ገበያው መሐል ደፋችው። ሰውዬው ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ መጥቶ መሬት ላይ የፈሰሰውን አየ፣ አክስቴን አየ፣ ከዚያ ሰውዬውን ይዞት ሄደ።

አንድ ሃይማኖት የሚያህል እምነት ነበራት። ንጹሕ ነገር ሰው አይጎዳም፤ ሰውን የሚጎዳው ቅልቅል ነው ትላለች። ሆድ ያመመው ሰው ቢያጋጥማት ምን በላህ ብላ አትጠይቅም፤ የበላኸው ምን ተቀላቅሎበት ነበር ብላ ነው የምትጠይቀው። ይህ እምነት ከቅቤ ገበያ አያልፍም ነበርና ማንንም ሳይጎዳ ዕድሜዋን ሙሉ ኖረ።

ግድግዳ ለግድግዳ የምትጎራበታት ጓደኛዋ የትናየት ትባላለች። የትናየት ጥጥ ፈታይ ናት። የእሷን ድርና ማግ ለማግኘት ሸማኔዎች ከደብረ ወርቅ ድረስ ይመጡ ነበር። እንዝርቷን ይዛ ስትቀመጥ ቤት ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም፤ ድምፅዋ ከጥጡም ይለሰልሳል። ሁለቱ እንዴት ጓደኛ እንደሆኑ ለሰው ሁሉ እንቆቅልሽ ነው፤ ለእኔ ግን አይደለም። የትናየት የተበደለችውን ሁሉ አክስቴ ትጮህላታለች። አክስቴ የሰበረችውን ሁሉ ደግሞ የትናየት ሄዳ ታባብላለች። ብቻ አንዱን ነገር ማናችንም አላስተዋልነውም፤ አክስቴ የትናየትን ራሷን የበደለቻት ቀን የሚጮኽላት ሰው አልነበረም።

የትናየት ስኳር አለባት። ለዓመታት ክኒኗን ስትውጥ፣ በቀጠሮዋ ቀን ጤና ጣቢያ ስትመላለስ፣ በሽታውን እንደ ክፉ አማት ችላ አብራው ስትኖር ነበር። የንስሐ አባቷ ቄስ ወልደ ሰንበት በሽተኛ ነሽና አትጹሚ ብለዋታል። እሷ ግን ፍልሰታን መተው አይሆንላትም፤ ክኒኑን ወደ ጾም መፍቻው ሰዓት፣ ከምግቡ ጋር አዛውራ ትጾማለች። ልክ ነው አልልም። ግን ይህንንም ለዓመታት ስታደርገው ወድቃ አታውቅም።

አሁን ወደ አንዷለም ልምጣ፤ እጄ ግን ስሙን መጻፍ ይጸየፋል። አንዷለም የሞጣ ልጅ ነው፤ አክስቴ የጡት ልጅ ያደረገችው። ልጅ አልወለደችምና ያላት የጡት ልጇ እሱ ብቻ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ከሞጣ መጥቶ ጉልበቷን ይስማል፣ «እናታለም» ይላታል፣ ያቺ ገበያ የምታንቀጠቅጥ ሴትዮ እንደ ቅቤ ትቀልጣለች። መጀመሪያ የሞባይል ሽፋን ሸጠ፣ አልሆነለትም። ቀጥሎ ልባሽ ጨርቅ ሸጠ፣ አልሆነለትም። በሁሉም ሥራ የሚያጠፋው እሱ፣ የምትቆጣው ግን ገበያው ላይ እሷ ነበረች። ያለ ልማዷ ለአንድ ሰው ብቻ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እሱም አንዷለም ነው።

አንድ ፋሲካ ላይ ካርቶን ሙሉ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ሽፈራው የሚሉት ዛፍ ቅጠል ነው አለ፤ ደርቆ የተፈጨ። ዕቃው ላይ የተለጠፈውን አነበብኩት። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ፣ ሪህ፣ የወገብ ሕመም፣ የዓይን ብዥታ፤ በሽታ ሁሉ ተሰልፎ ምሕረት ይጠብቃል። ከሁሉ በታች ደመቅ ብሎ «ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ውሃ እንኳ ሰው ያንቃል። ወተት እንኳ ሆዱን የሚነፋው ሰው አለ። በሽታ የሚያሸንፍ ጉልበት ያለው ቅጠል ሌላውን የሰው አካል ሁሉ አልፎ በሽታውን ብቻ ለይቶ የሚመታው በምን ዓይኑ ነው?

አክስቴ ግን ጽሑፍ አታምንም፤ የምታምነው አፍንጫዋን ነው። ዕቃውን ከፈተች። በጣቷ ቆንጥራ አሸተተች፣ በምላሷ ነካች፣ ጥቂት በብርጭቆ ውሃ በጥብጣ እስኪጠልል ጠበቀች፤ አሸዋ፣ ዱቄት፣ ቀለም የሚባል ነገር ከሥሩ እንዳለ ለማየት። አልነበረም። ፊቷ በራ። ልጇ በመጨረሻ ንጹሕ ነገር ይዞ መጥቷል።

«ቅጠል ነው» አለች። «ጥርት ያለ ቅጠል።»

በዚህ አለቀ። በእሷ ዘንድ ፍርዱ ተሰጥቷል። ለምን፣ ለማን፣ ከምን ጋር የሚለው ጥያቄ አልተነሣም። አንዷለምም ቢሆን ደቡብ ያሉ ሰዎች እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል አለ፤ ውሸት አይደለም፣ ይበሉታል። ቀቅሎ ከምግብ ጋር መብላትና ደርቆ የተፈጨውን በባዶ ሆድ፣ በሾርባ ማንኪያ፣ ከክኒን ላይ ደርቦ መጋት አንድ እንዳልሆነ ግን አልተናገረም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ዕቃዎቹ ከቅቤው ቅል ጎን ተደረደሩ። ለራሷ ምንም አትወስድም ነበር፣ ሁሉም የልጇ ነው። ብቸና ውስጥ ባንቺዓለም ያሸተተችው ከተባለ ደግሞ ሌላ ምስክር አይጠየቅም። ሴቱ ሁሉ ወሰደ። አንዳንዱ ክብደት ሊቀንስ፣ አንዳንዱ ወገቡን ሊያድን፣ አንዳንዱ ጎረቤቱ ስለወሰደ ብቻ። ለየትናየት የመጀመሪያውን ብርጭቆ አክስቴ ራሷ በጥብጣ፣ ራሷ ይዛ ገብታ፣ በባዶ ሆዷ አጠጣቻት። የምትወዳት ጓደኛዋ ናትና ከሁሉ አብልጣ ጨመረችላት።

ሰኔ ላይ ይመስለኛል የትናየት ቤት ገብቼ ክሯ ሲበጠስ አየሁ። የእሷ ክር ሲበጠስ አይቼ አላውቅም። ቀጠለችው፣ እንደገና ተበጠሰ። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር፤ ውጭ ደግሞ ዝናብ ነው። ምን ሆንሽ አልኳት። ዕድሜ ነው ብላ ሣቀች። ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ሆዷ በድንገት ይራብ፣ ምላሷ ይከብዳት እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ለአንዷለም ነግራው ነበር። ዕቃ ሊያደርስ በመጣ ጊዜ ለብቻው ጠርታ፣ ልጄ ይህ ነገር ያንቀጠቅጠኛል አለችው። እሱም «በሽታው እየወጣ ነው፤ እንዲያውም ይጨምሩበት» አላት። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። ሰው አመመኝ ሲል ይህ የመዳን ምልክት ነው ብሎ የሚመልስ አፍ፣ ሰውየው ሲሞትም ፈውሱ ተጠናቀቀ ማለቱ አይቀርም። በዚህ አነጋገር ቅጠሉ መቼም አይሸነፍም፤ ቢሻልሽ እሱ ነው፣ ቢብስብሽም እሱ ነው።

ለአክስቴስ ለምን አልነገረቻትም? ይህን ለመረዳት የማኅበሩን ዕለት ማወቅ ያስፈልጋል። የማርያም ማኅበር አክስቴ ቤት ነበር። ጽዋው ዞሮ፣ ሴቶቹ ተጫውተው ሊነሡ ሲሉ ይርጋነሽ የምትባል ማኅበርተኛ፣ ይህ ቅጠል ሆዴን እያላቀቀ አስቸገረኝ አለች፤ እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው። አክስቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«የእኔን ዕቃ ነው ቅልቅል የምትዪው?»

ይርጋነሽ ቅልቅል አላለችም። ሆዴን አለች እንጂ። ግን አክስቴ የምታውቀው አንድ ጥፋት ብቻ ነው፤ ጎዳኝ ማለት ተቀላቅሏል ማለት ነው፣ ተቀላቅሏል ማለት ደግሞ ባንቺዓለም ሌባ ናት ማለት ነው። ያን ቀን የተናገረችውን ሁሉ አልጽፈውም። ይርጋነሽ እያለቀሰች ወጣች፤ ከማኅበሩም ቀረች። የትናየት ጥግ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። እጆቿን ነጠላዋ ሥር ከታ እንደነበር አስታውሳለሁ። ብርድ መስሎኝ ነበር።

በሐምሌ ቀጠሮዋ አክስቴ አብራት ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ከክኒኑ ሌላ የምትወስጅው መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። የትናየት አፏን ሳትከፍት አክስቴ መለሰች፤ ከክኒኑ በቀር መድኃኒት የሚባል በአፏ ዞሮ አያውቅም አለች። አልዋሸችም። በእሷ ቋንቋ ቅጠል መድኃኒት አይደለም፤ መድኃኒት ማለት በክኒንና በመርፌ የሚመጣ ነው፣ የቀረው ምግብ ነው። ነርሷም ጥያቄዋን በሌላ ቃል አልደገመችም፤ ከኋላ ሰልፉ ረጅም ነበር።

ፍልሰታ ገባ። የትናየት እንደ ልማዷ ጾመች። ክኒኑን እንደ ልማዷ ወደ ጾም መፍቻው ሰዓት አዛወረች። ቅጠሉን ግን ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣ ነበር፤ እንዲያውም ውሃ መጠጣቷ እያሳሰባት፣ ጾሜን ይሽርብኝ ይሆን ብላ ተጨንቃ ነበር። አንዷለም የባሕታውያን ምግብ ቅጠል አይደለም ወይ፣ ይህ ጾም አይሽርም ብሎ አጽናንቷታል። ለነጋዴነቱ አልበቃ ብሎት ንስሐ አባትም ሆነ።

ቅዳሴ ላይ ቆማ ሳለ መቋሚያዋ ከእጇ ወደቀ። ቀጥሎ ራሷ ወደቀች። ሴቶቹ መጀመሪያ መንፈስ ጣላት ብለው ጠበል ረጩባት። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ግን ልጇ ፈንታነሽ ሰውነቷ በላብ እንደራሰ ዓይታ በባጃጅ ይዛት ባትሮጥ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ስኳሯ ከመጠን በላይ ወርዷል ተባለ። በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጧት። ዓይኗን ገለጠች፤ ፈንታነሽን በስሟ ጠራቻት። እልል ልንል ስንል ተመልሳ ሄደች። እንደገና ሰጧት፣ ነቃች፤ እንደገና ራሷን ሳተች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ፊቱ ግን በዚያ ቀን አረጀ። ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ሁላችንንም ሰበሰበን። ይህን ክኒን ለዓመታት ወስዳለች፣ ለዓመታትም ጾማለች፤ ዘንድሮ ምን ተጨመረ አለን።

እዚያ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ቅጠሉን ያውቃሉ፤ ግማሾቹ ቤታቸው አላቸው። ሁሉም ዓይናቸውን ወደ አክስቴ ላክ አድርገው መለስ አደረጉ። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ ሲገባኝ ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ይህ ነው፤ አንዲት ሴት ውስጥ እየሞተች ውጭ ያሉት የሚፈሩት ሞቷን ሳይሆን የአክስቴን አፍ ነበር። ሐኪሙ ድጋሚ ጠየቀ። ፈንታነሽ ነጠላዋን ነክሳ ቆየችና ለቀቀችው።

«ቅጠል ትጠጣለች» አለች። «እትዬ ባንቺዓለም የሰጧትን። ካንቀጠቀጣት ቆይቷል። ለእትዬ እንዳትነግሪ ብላ አስምላኛለች።»

አክስቴ ስትቆጣ ፊቷ ይቀላል። ያን ጊዜ ግን ነጣ። ሐኪሙ ፊት ሄዳ ቅጠሉን ራሴ አሽትቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው፣ ምንም አልተቀላቀለበትም አለችው። እሱ እንደመቆጣት አለና ራሱን ገታ።

«ንጹሕ መሆኑ ነው እኮ እናቴ» አላት። «ቢቀላቀል ኖሮ ጉልበቱ ይቀንስ ነበር።»

ከዚያ በቀስታ አስረዳን። ቅጠሉ መርዝ አይደለም። ግን ስኳር የማውረድ ጠባይ አለው፤ የደም ግፊትም ሊያወርድ ይችላል። ክኒኑ ያወርዳል፣ ባዶ ሆድ ያወርዳል፣ ቅጠሉ ሲጨመር ሦስቱ አንድ ላይ ይጎትቷታል። የትኛው ምን ያህል እንደጎተታት ለክቼ ልነግራችሁ አልችልም አለ። ነግራን ቢሆን ክኒኑን እንቀንስላት ነበር፣ ወይም ቅጠሉን ተዪው እንላት ነበር፣ መጾሟንም እንከለክላት ነበር። ለነፍሰ ጡርም፣ ለግፊት በሽተኛም፣ ሌላ መድኃኒት ለሚወስድ ሁሉ ሳይጠየቅ አይወሰድም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንል የለም ወይ አለ። ተረቱን እናውቀዋለን። መድኃኒቱን የደበቀስ የሚል ተረት ግን አልነበረንም።

የትናየት አልሞተችም። እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እንደ ሄደች አልተመለሰችም። ምላሷ ይጎተታል፤ የቀኝ እጇ ጣቶች ደንዝዘዋል። ሐኪሙ በጊዜ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። ዕድሜዋን ሙሉ እንዝርት የዞረባቸው ጣቶች እንዝርት መያዝ አቃታቸው። ፈንታነሽ ደስ ይላት መስሏት ባዘቶ የያዘ ሙዳይ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠችላት። የትናየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አክስቴ ከአልጋው አልራቀችም። የትናየት ንግግሯ የተመለሰላት ዕለት ግን አክስቴ ላይ ያ የቤታችን ርስት ተነሣ። ለምን አልነገርሽኝም አለቻት፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነርሷ በሩ ላይ ብቅ አለች። ስንት ዓመት አብረን የኖርን፣ አንድ ጽዋ የጠጣን፣ እየተንቀጠቀጥሽ ከእኔ ትደብቂያለሽ አለች።

የትናየት ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተች አወጣችው። «ትቆጫለሽ ብዬ።»

አክስቴ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ቤት ደርሳ የቀሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ከፍታ ጉድጓድ ውስጥ ደፋቻቸው። ንጹሕ ነገር ስትደፋ የመጀመሪያዋ ነው። በማግስቱ ይርጋነሽ ቤት ሄዳ በሩ ላይ ተንበረከከች። ይርጋነሽ አነሣቻት፤ ሴትዮዋ ከእኛ ዘር አይደለችምና ይቅር ማለት ታውቃለች።

ከዚያ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን ሞጣ ሄድን። በመኪናው ውስጥ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። የአንዷለምን ሱቅ ስናገኘው ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ከበሩ በላይ አረንጓዴ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በትልቁ «የባንቺዓለም ቅጠል» ይላል። በትንሹ ደግሞ «በብቸናዋ ቅቤ ነጋዴ ተሽትቶ የተመሰከረለት»።

ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ወደ ኋላ ሸሸች። የትናየትን ነገረችው። አዘነ፤ ያዘነ ይመስለኛል፣ ጥቂት። ከዚያ ግን ስኳር ክፉ በሽታ ነው፣ ቅጠሉ ምን አደረገ አለ። ሞጣ ላይም የተንቀጠቀጠ ሰው አልነበረም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ አንድ ሁለት ሰው ነበር፣ ግን ትተውታል አለ። የሚያውቅ ነበር ማለት ነው። ብቸና መጥቶ ይጨምሩበት ሲል እያወቀ ነው።

አክስቴ ሰሌዳውን አውርድ አለችው። ቅጠሉን ሽጥ፤ ግን ክኒን ለሚወስድ አትሽጥ፣ ለነፍሰ ጡር አትሽጥ፣ ጉዳት የለውም አትበል፣ ስሜን ደግሞ አውርድ አለች። እንዲህ በዝግታ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«እናታለም፣ እርስዎ ራስዎ ንጹሕ ነው ብለዋል» አላት። «እኔ ምን ዋሸሁ?»

ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ክፉ ሰው ሲዋሽ መልሱ ቀላል ነው፤ በአንተው እውነት ሲያርድህ ነው ቢላዋውን የምታጣው።

ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። እዚያ ያለው ኃላፊ ጉዳዩን ሰምቶ፣ ይህ ነገር ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት አለን። ምግብ ከሆነ ሌላ ክፍል ነው፣ መድኃኒት ከሆነ ሌላ ክፍል ነው፣ ሰሌዳው ከሆነ ደግሞ ንግድ ነው። አክስቴ ሰው የጣለ ነገር ነው አለችው። እሱ ለዚያ ክፍል የለንም ባይልም፣ ማመልከቻ ጽፈን እንድንመለስ ነግሮን ስልኩን አነሣ። የእሱ ፊት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ፤ ክፉ እንኳ አልነበረም፣ ደከመው እንጂ።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ያደረገችውን ብቸና ውስጥ እብደት ነው አሉት። በሞጣ ገበያ ቀን፣ መንገድ ክፍት በሆነ ቁጥር፣ የቅቤ ቅሏን ይዛ ሞጣ ወረደች። ከአንዷለም ሱቅ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ወደ ሱቁ የሚያመራውን ሁሉ ትጮኽበታለች፤ አትግዙ፣ ይጥላችኋል፣ ጓደኛዬን ጥሏታል። ምን የሆነ ይመስላችኋል? ገዢው ጨመረ። ያቺ ሰሌዳ ላይ ያለችው ባንቺዓለም ይህቺ ናት፣ በአካል አለች ማለት ነው እያሉ ሊያይዋት መጡ። ጩኸቷን ሲሰሙ ደግሞ፣ ከጡት ልጇ ጋር በትርፍ ተጣልታ ነው አሉ። ቁጣዋ ቅቤ ሌባን ያሸነፈው ብቸና ስለሚያውቃት ነበር። ሞጣ ላይ ያው ቁጣ የገበያ ጠብ ሆነ። አንዷለም ለደንበኞቹ እናቴ ናት፣ አትቀየሟት እያለ ፈገግ ይላል። ያን ፈገግታ ሳይ ድንጋይ የማነሣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን የትናየት እኔም እሄዳለሁ አለች። መኪናው ያደክምሻል ብንላት አልሰማችም። ፈንታነሽና እኔ ደግፈን ወሰድናት፤ አክስቴ ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በጉያዋ እንዝርቷን ይዛ ነበር፤ ለምን እንደያዘችው አልጠየቅናትም።

አንዲት የገጠር ሴት ከሱቁ ዕቃውን ገዝታ ወጣች። የእነ አክስቴ እኩያ ናት፣ ሰውነቷ የከሳ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር የቋጠረች። ዕቃውን እያገላበጠች ወደ እኛ መጣች፤ ባንቺዓለም የሚሏት እርስዎ ነዎት ወይ፣ እውነት ንጹሕ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አክስቴ ተነሣች። አንቺ ሰው አትሰሚም ወይ፣ ዓይን የለሽም ወይ ብላ ጀመረች። ሴትዮዋ ወዲያው ወደ ኋላ ሸሸች፤ እጇን ነጠላዋ ሥር ከተተች። ያን እጅ አየሁት። የት እንዳየሁት አውቄዋለሁ።

የትናየትም አየችው። በግራ እጇ የአክስቴን ቀሚስ ያዘችና ወደ ታች ጎተተቻት።

«አንቺ ዝም በይ» አለቻት። «እኔ ልንገራት።»

በብቸናም በሞጣም፣ በገበያም በማኅበርም፣ ባንቺዓለምን ዝም በይ ያላት ሰው አልነበረም። አክስቴ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

የትናየት ሴትዮዋን አጠገቧ አስቀመጠቻት። እንዝርቷን ከጉያዋ አወጣች፣ ባዘቶውን አያያዘች፣ በማይታዘዘው እጇ ልታዞረው ሞከረች። ክሩ አንድ ስንዝር ሳይሄድ ተበጠሰ። ቅጠሉ ንጹሕ ነው እህቴ አለቻት፣ ቃሏን እየጎተተች፤ እኔ ግን ከክኒን ጋር ጠጥቼው፣ አንቀጥቅጦኝ፣ ለሰው መናገር ፈርቼ ይኸው እንዲህ ሆንኩ። አንቺስ የምትውጪው አለ ወይ አለቻት። ሴትዮዋ ወደ ሱቁ አየች፣ ወደ አክስቴ አየች። አክስቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጭና፣ ዝም ብላ ነበር።

ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ከውስጡ ክኒን አወጣች። ባሌ እንኳ አያውቅም አለች።